ስላይዱን ሁለተኛ ሰው ቢያየው ምን ከፋ?

ባለፈው ሳምንት ምሳ ሰዓት ላይ ቸርችል ጎዳና ዳር ካለች አንዲት ካፌ ቁጭ ብዬ ማኪያቶ እየጠጣሁ ነበር። የሥራ ባልደረባዬ በቴሌግራም አንድ ጽሑፍ ላከልኝ። ከሥሩ «ይሄ አንተን ነው የሚሰድበው» የሚል መልእክትና የሳቅ ምልክት አለበት። አነበብኩት። ማኪያቶው ቀዘቀዘ።

እውነቱን ለመናገር ጽሑፉ እኔን አይሰድብም። ሥራዬን ነው የሚሰድበው። ጸሐፊው ማን እንደሆኑ አላውቅም። አጻጻፋቸው ግን የቤቱን ጓዳ የሚያውቅ ሰው አጻጻፍ ነው። ስለዚህ ዝም ብዬ ላልፈው አልቻልኩም።

መጀመሪያ ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ። አዲስ መድኃኒት፣ የእርሻ ኬሚካል ወይም የባህል መድኃኒት ለሰው ጉዳት እንዳያመጣ ሲፈተሽ በቅድሚያ ለእንስሳት ይሰጣል፤ ብዙ ጊዜ ለአይጥ። ጊዜው ሲያልቅ አይጦቹ ይገደሉና ጉበታቸው፣ ኩላሊታቸው፣ ልባቸው፣ ሌላውም ይወጣል። ፎርማሊን ውስጥ ይቆያል። በፓራፊን ሰም ይታሸጋል። በማይክሮቶም እጅግ ስስ ተደርጎ ይቆረጣል፤ ውፍረቱ 5 ማይክሮሜትር ገደማ ነው። መስታወት ላይ ተለጥፎ ሮዝና ሐምራዊ ቀለም ይነከራል። ስላይድ የምንለው ይህ ነው። ፓቶሎጂስቱ ስላይዱን በማይክሮስኮፕ አይቶ «እዚህ ጋ ጉዳት አለ፣ እዚህ የለም» ብሎ ይጽፋል። ሪፖርቱ ከመፈረሙ በፊት ደግሞ ሌላ ፓቶሎጂስት የተወሰኑትን ስላይዶች በድጋሚ ያያል። በወጉ የአቻ ግምገማ ይባላል። እኛ እርስ በርስ ስናወራ ፒር ሪቪው ነው የምንለው።

ጸሐፊው ይህ ሁለተኛ እይታ ይቅር ባይ ናቸው። ምክንያታቸውን አሳጥሬ ላስቀምጠው። ሁለተኛው ሰው የመጀመሪያውን ሰው ውጤት ይዞ ስለሚያይ ሥራው ግልባጭ ነው። ገንዘቡ ከኩባንያው ስለሚመጣ መጥፎ ውጤት ይሰርዛል። ማስታወሻው ስለማይቀመጥ መደበቂያ ነው። ሁለት ባለሙያዎች አንድ ስላይድ ላይ ካልተስማሙ ሙያው ራሱ ግምት ነው። በመጨረሻም እንደኛ ላለ አገር ቅንጦት ነው። «አንድ ታማኝ ሰው ይበቃል» ብለው ይዘጋሉ።

አንዱ ላይ ልክ ናቸው። ግማሽ ልክ የሆኑበትም አለ። በተራ ልሂድ።

ግልባጭ ከሚለው ልጀምር። ክሱ ሲሰማ ያሳምናል። የጎረቤቱን የፈተና ወረቀት እያየ የሚሠራ ተማሪ ምኑን ያርማል? ግን ምሳሌው አይገጥምም። የዕድር ኦዲተር አስቡ። ኦዲተሩ ገንዘብ ያዡን «ደብተርህን ደብቀው፣ እኔ ከዜሮ ልጀምር» አይለውም። ደብተሩን ይከፍታል። ደረሰኙን አጠገቡ ያስቀምጣል። «ይቺ ሁለት መቶ ብር ለምን እዚህ ገባች?» ይላል። ደብተሩን ካላየ ምኑን ሊመረምር ነው? ሁለተኛው ፓቶሎጂስትም የሚጠይቀው «እኔ ብሆን ምን እል ነበር?» ብቻ አይደለም። «ይህ ሰው በመጀመሪያው አይጥና በመጨረሻው አይጥ ላይ አንድ ሚዛን ተጠቅሟል ወይ?» ብሎም ይጠይቃል።

ይህ ጥያቄ ቀላል እንዳይመስላችሁ። ሁለት ዓመት የሚፈጅ የካንሰር ጥናት በተለመደው አሠራር በየቡድኑ 50 ወንድና 50 ሴት አይጦች አሉት። አንድ ምንም ያልተሰጠው ቡድን፣ ኮንትሮል የምንለው፣ ከሦስት የመድኃኒት መጠኖች ጋር ሲሆን 400 አይጥ ይሆናል። ከእያንዳንዱ አይጥ 40 የአካል ክፍል ቢወሰድ 16,000 ነው። ይህን አንድ ሰው ለወራት ቁጭ ብሎ ያነባል። ጉዳቱን የሚጽፈው ደግሞ በደረጃ ነው፤ ብዙ ጊዜ ከ1 እስከ 5። ሰኞ ጠዋት 1 ያልከውን ዓርብ ከሰዓት 2 ትለዋለህ። በሁዳዴ ስምንት ሰዓት ላይ ከሆነማ አትጠይቁኝ። ክፋት አይደለም። ዓይን ይለምዳል፣ ሚዛን ይንሸራተታል። ሁለተኛው ሰው የመጀመሪያው የጻፈውን ካላየ ይህን መንሸራተት በምን ያውቀዋል?

ጸሐፊው «ሁለቱም የትኛው አይጥ ምን እንደተሰጠው ሳያውቁ ይዩ» ይላሉ። ይህም ቦታ አለው። አንድ ጠባብ ጥያቄ ሲመጣ፣ ለምሳሌ የአንድ ጉዳት ደረጃ 1 ነው 2 የሚል፣ የስላይዶቹን ቁጥር ሸፍነን እናነባለን። እኔም ብዙ ጊዜ አድርጌዋለሁ። ከመጀመሪያው ንባብ ጀምሮ ግን አይሆንም። ጤነኛው ምን እንደሚመስል ሳታውቅ የታመመውን ልትለይ አትችልም። በዚያ ጥናት፣ በዚያ ቀን፣ በዚያ ቀለም ጤነኛው ምን እንደሚመስል የሚነግርህ ኮንትሮሉ ነው።

አንድ ነገር ላጫውታችሁ። የአንድ ቅጠል ጭማቂ የ28 ቀን ሙከራ ነበር። የመጀመሪያው አንባቢ ከእኔ በዕድሜ የሚያንስ፣ ዓይኑ ግን ስለት የሆነ ልጅ ነው። እኔ ሁለተኛው ነበርኩ። ከፍተኛውን መጠን የወሰዱት አይጦች ጉበት ላይ «ግላይኮጅን ቀንሷል፣ ከመድኃኒቱ የመጣ ነው» ብሎ ጽፏል። ግላይኮጅን ጉበት የሚያከማቸው ስኳር ነው። ስላይዱን አየሁት። እውነቱን ነው። የኮንትሮሎቹ ጉበት ሕዋስ ገርጣ ያለ፣ እንደተባዘተ ጥጥ ብን ያለ ነው። የእነዚያ ግን ጥቅጥቅ ያለ ሮዝ። ማንም የሚያየው ልዩነት ነው።

ስላይዱን ትቼ የዕለቱን የሥራ ወረቀት ጠየቅሁ። ምግቡ የተነሳው ለሁሉም እኩል ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ነው። የተገደሉት ግን በቡድን ተራ ነው። ኮንትሮሎቹ 3 ሰዓት ላይ። ከፍተኛዎቹ ከሰዓት 10 ሰዓት ላይ። አይጥ ደግሞ የሚበላው ሌሊት ነው። ኮንትሮሎቹ ሌሊቱን ሲበሉ አድረው ሦስት ሰዓት ብቻ ጾመው ሄዱ። ከፍተኛዎቹ አሥር ሰዓት ጾመዋል። ግላይኮጅን በጾም ያልቃል። እንግዲህ ጉበቱ የሚነግረን ስለ ቅጠሉ ነው ስለ ሰዓቱ?

አልሰረዝነውም። ይህን ልብ በሉልኝ። «ግላይኮጅን ቀንሷል» የሚለው እንዳለ ሪፖርቱ ላይ ቆየ። የተለወጠው ቀጥሎ ያለው ሐረግ ነው። ከመድኃኒቱ ነው ከመባል ይልቅ ከግድያው ሰዓት ለመለየት አይቻልም ተባለ። ከዚያ ወዲህ አይጦቹን ከየቡድኑ እያፈራረቅን ነው የምንገድላቸው። ሐረጉን የለወጠው ራሱ ልጁ ነው። ሁለተኛው አንባቢ እስክሪብቶ የለውም፤ አፍ ብቻ ነው ያለው። ግልባጭ የሚባለው ይህ ከሆነ እሺ፣ ግልባጭ ነኝ።

ወደ ገንዘቡ ልምጣ። ይህ የጽሑፉ ጠንካራ ክፍል ነው። ምሳሌያቸው ግላይፎሴት ነው፤ ገበሬው ራውንድአፕ እያለ የሚያውቀው አረም ማጥፊያ። ታሪኩን እኩሌታውን ነው የነገሩን። እኔ ልጨርሰው። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ1983 አምራቹ ኩባንያ ሞንሳንቶ የሁለት ዓመት የአይጥ ጥናት ለአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ አቀረበ። በወንዶቹ አይጦች ኩላሊት ላይ ዕጢ ታይቷል። ኮንትሮሎቹ ላይ ዜሮ። ዝቅተኛው መጠን ላይ ዜሮ። መካከለኛው ላይ አንድ። ከፍተኛው ላይ ሦስት። እያንዳንዱ ቡድን 50 ገደማ ነው። 0፣ 0፣ 1፣ 3። ቁጥሩ ትንሽ ነው፤ ደረጃ መውጣቱ ግን ያሳስባል፤ ይህ ዓይነቱ ዕጢ አይጥ ላይ ብርቅ ነውና። በ1985 የኤጀንሲው ባለሙያዎች ኬሚካሉን ለሰው ካንሰር ሊያመጡ ይችላሉ ከሚባሉት ተርታ መደቡት። ኩባንያው ሌላ ፓቶሎጂስት ቀጠረ። ሰውየው ስላይዶቹን ዳግም አየና ከኮንትሮሎቹ በአንዷ ኩላሊት ላይ ዕጢ አለ አለ። 1፣ 0፣ 1፣ 3 ሆነ።

ልዩነቱ አንዲት ነጥብ ናት። ግን ኮንትሮሉ ዜሮ ካልሆነ ሦስቱ ዕጢዎች «እንዲያው በአጋጣሚ የመጡ» የሚባሉበት በር ተከፈተ።

ጸሐፊው እዚህ ላይ ያቆማሉ። ነገሩ ግን አልቆመም። ኤጀንሲው ከኩላሊቶቹ ተጨማሪ ስላይዶች እንዲቆረጡ ጠየቀ። በአዲሶቹ ላይ ሌላ ዕጢ አልተገኘም። በ1986 የኤጀንሲው የሳይንስ አማካሪ ጉባኤ መረጃው ወዲህም ወዲያም ለመወሰን አይበቃም አለ። በ1991 ኤጀንሲው ኬሚካሉን ካንሰር ከማያመጡት መደበው። በ2015 ደግሞ የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ካንሰር ሳያመጣ አይቀርም ከሚባሉት ተርታ አስገባው። ከመዘናቸው መረጃዎች አንዱ እነዚያው የአይጥ ኩላሊቶች ናቸው። ሠላሳ ዓመት አልፎም ሰው ስለዚያች አንዲት የኮንትሮል አይጥ ይከራከራል።

እኔም ይህን ታሪክ ሳስበው ይሰቀጥጠኛል። ጸሐፊው እኔን ሊያሳፍሩ ከፈለጉ ጥሩ መርጠዋል። ግን ይህ ፒር ሪቪው አይደለም። ሪፖርቱ ተፈርሟል። መንግሥት እጅ ገብቷል። ውሳኔው ተነግሯል። ውሳኔው ያልተመቸው ወገን ነው ሰው የላከው፤ ያውም አንድ አካል ላይ፣ አንድ ጥያቄ ይዞ። ፍርድ ከተሰጠ በኋላ አዲስ ምስክር ማምጣት በሉት። እኛ የምንለው ግምገማ ግን ሪፖርቱ ሳይፈረም፣ ማን አሸነፈ ማን ተሸነፈ ሳይባል፣ በጥናቱ ዕቅድ ላይ አስቀድሞ ተጽፎ የሚደረግ ነው።

የአሜሪካው ኤጀንሲ ራሱ ትምህርት ወስዷል ማለት ይቻላል። በ1994 ባወጣው ማስታወቂያ የካንሰር ምርመራ ውጤት እንዲለወጥለት የሚጠይቅ ሁሉ የዚያን አካል ስላይዶች በሙሉ፣ ከኮንትሮሉ እስከ ከፍተኛው መጠን፣ በድጋሚ እንዲያስነብብ አዘዘ። አንዲት ስላይድ መርጦ መምጣት ቀረ። የመጀመሪያውና የሁለተኛው አንባቢ የተለያዩባቸው ስላይዶች ፓቶሎጂስቶች ለተሰበሰቡበት ቡድን ይቀርባሉ። ከዚህ የተሻለ መድኃኒት እኔም የለኝም።

«ታዲያ ሁለተኛው ዓይን ለምን ሁሌ ቁጥር ይቀንሳል?» ለሚለው ደግሞ፣ አዎ፣ የታወቁት ታሪኮች ብዙዎቹ የቀነሱባቸው ናቸው። ዳዮክሲን በሚባለው መርዛማ ኬሚካል ላይ ተሠርቶ በ1978 የታተመው ጥናት የሴት አይጦች ጉበት በ1990 በአዲስ መስፈርት ሲነበብ ዕጢዎቹ ቀንሰዋል፤ ንባቡን የፈለገው የወረቀት ኢንዱስትሪው ነው። እዚህ ላይ የጸሐፊው ጥርጣሬ አይገርመኝም። የጣሊያኑን የራማዚኒ ተቋም ታሪክ ግን ምን ሊሉት ነው? ከኢንዱስትሪ ነፃ ነኝ የሚል፣ ብዙ ኬሚካሎችን ካንሰር ያመጣሉ ያለ ተቋም ነው። ከ2010 ጀምሮ የአሜሪካ መንግሥት ፓቶሎጂስቶች የተወሰኑ ስላይዶቹን ሲያዩ ሊምፎማ፣ ማለትም የነጭ ደም ሕዋስ ካንሰር፣ ከተባሉት ውስጥ ካንሰር ያልሆኑ አገኙ። አይጦቹ የመተንፈሻ አካል ኢንፌክሽን ነበረባቸው፤ ካንሰር የተባለው በከፊል የኢንፌክሽኑ ቁጣ ነው። እዚህ ኩባንያ አልላከም። ሳንባው ራሱ ተናገረ።

በነገራችን ላይ የዘርፉ ትልቁ ቅሌት ከሁለተኛ አንባቢ አልመጣም። ኢሊኖይ ውስጥ ኢንዱስትሪያል ባዮ ቴስት የሚባል ቤተ ሙከራ ነበር። ብዙ ኩባንያዎች አይጦቻቸውን እዚያ ያስፈትኑ ነበር። የውኃ ማጠጫው ተበላሽቶ አንዱን የአይጥ ክፍል ሠራተኞቹ «ረግረጉ» ይሉት ነበር። አይጦች ሞተው ይበሰብሳሉ፤ ሪፖርቱ ላይ ግን ቁጥሩ ያምራል። በ1976 አንድ የመንግሥት ፓቶሎጂስት ሄዶ አየ። በ1983 ሦስት የቀድሞ ኃላፊዎች በማጭበርበር ጥፋተኛ ተባሉ። ዛሬ ጂኤልፒ የምንለው የቤተ ሙከራ ደንብ በአሜሪካ በ1978 የወጣው በእንዲህ ዓይነት ጉድ ምክንያት ነው። እዚያ የጎደለው አንድ ተጨማሪ የሚያይ ሰው ነበር።

ስለ ማስታወሻው። እዚህ ላይ ጸሐፊው ልክ ናቸው፤ ወይም ልክ ለመሆን አንድ እርምጃ ቀርቷቸዋል።

የቆየው ልማድ ይህ ነው። የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ1987 የፓቶሎጂ ጥሬ መረጃ ማለት የተፈረመው ሪፖርት ነው አለ። ከዚያ በፊት ፓቶሎጂስቱ የሞነጫጨረው የሐሳብ ጉዞ ነው ተባለ። አመክንዮው ይገባኛል። ሰው እያሰበ ይሳሳታል፣ ያርማል። እያንዳንዷ የተሰረዘች ቃል ፍርድ ቤት ትቅረብ ከተባለ ማንም በነፃነት አያስብም። ግን ልማዱ ስንፍናንም አሳደገ። ራሴን ልመስክር።

ያ የቅጠል ጥናት ላይ ኩላሊቱንም አይቼው ነበር። ልጁ ሰማያዊ ቀለም የሳቡ ቱቦዎች ከፍተኛው መጠን ላይ በዝተዋል ብሎ ጽፏል። ተጎድተው እያገገሙ ያሉ ቱቦዎች ማለት ነው። እኔ ሁለት ስላይድ አየሁና ፈገግ አልኩ። ወንድ አይጥ ሲያድግ ኩላሊቱ በራሱ ጊዜ ያረጃል፤ እንዲህ ያሉ ቱቦዎች ምንም ያልተሰጠው አይጥ ላይም ሞልተዋል። ብጣሽ ወረቀት ላይ «የተለመደ ነው፣ ይውጣ» ብዬ ጻፍኩ። ልጁ አልተከራከረኝም። ወንዶቹን አሥሩን ስላይድ፣ አምስት ከኮንትሮል፣ አምስት ከከፍተኛው፣ ቁጥራቸውን በፕላስተር ሸፍኖ ሰጠኝና «ጋሼ፣ ደረጃቸውን ብቻ ንገሩኝ» አለ። ነገርኩት። ፕላስተሩን ስናነሳ ቱቦዎቹ በዝተዋል ያልኩት ከኮንትሮሎቹ አንዱ ላይ፣ ከከፍተኛዎቹ አራቱ ላይ ሆነ። ዝም አልኩ። ግኝቱ ባለበት ቆየ።

ብጣሿን ወረቀት ቅርጫት ውስጥ ጣልኳት። ደንቡ አያስገድድማ! ከወራት በኋላ አንድ ሰው «ኩላሊቱ ላይ ሁለታችሁም ከመጀመሪያው ተስማምታችሁ ነበር?» ብሎ ጠየቀን። ያለን ትዝታ ብቻ ነው። የልጁ ትዝታና የእኔ ትዝታ ደግሞ በጥቂቱ ይለያያል።

ስለዚህ ማስታወሻ ይቀመጥ ባይ ነኝ። እዚህ ላይ ከጸሐፊው ጋር እጅ እንጨባበጣለን። ግን ከዚህ ተነስቶ «ግምገማው ይቅር» ማለት ደረሰኝ ስላልተቆረጠ ሱቁ ይዘጋ እንደማለት ነው። ደረሰኙ ይቆረጥ። ደንቦቹም ወደዚያው እየሄዱ ነው። ኦኢሲዲ የሚባለው የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት በ2014 ባወጣው መመሪያ በግምገማው ላይ የተደረጉ የደብዳቤ ልውውጦች ከጥናቱ ሰነድ ጋር እንዲቀመጡ፣ ትልቅ የሐሳብ ልዩነት ካለም እንዴት እንደተፈታ በመጨረሻው ሪፖርት ላይ እንዲጻፍ ይላል። የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት አስተዳደርም በታኅሣሥ 2021 በዚሁ ጉዳይ የጥያቄና መልስ መመሪያ አውጥቷል። ጸሐፊው ሁለቱንም አልጠቀሱም። ዘንግተውት ይሆናል።

«ካልተስማሙ ግምት ነው» ለሚለው ብዙ አልደክምም። ሁለት ዳኞች ስለ ኦፍሳይድ ስለተከራከሩ ኦፍሳይድ የሚባል ነገር የለም አይባልም። አለመስማማቱ አብዛኛውን ጊዜ ጠርዝ ላይ ነው፤ 1 ነው 2፣ ገና ሊጀምር ያለ ዕጢ ነው ወይስ የሕዋስ መብዛት ብቻ። የሞተ ጉበት ላይ ማንም አይከራከርም። ከቃል አጠቃቀም የሚመጣውን ልዩነት ለመቀነስ ደግሞ ኢንሃንድ የሚባል ዓለም አቀፍ የጋራ መዝገበ ቃላት አለ፤ ለእያንዳንዱ ጉዳት አንድ ስምና አንድ መግለጫ።

ቀረን ቅንጦት። ከሁሉ ያናደደኝ ይህ ነው። ስለዚህ ረጋ ልበል።

እንዶድን አስታውሱ። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ የሚያጥቡበት ወንዝ ውስጥ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ሲንሳፈፉ አየ። ቀንድ አውጣው የቢልሃርዝያ ተሸካሚ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ በአብዛኛው የወረቀት ታሪክ ነው። የዓለም አቀፍ ድርጅቶቹ በዓለም አቀፍ የቤተ ሙከራ ደንብ የተሠራ የመርዛማነት መረጃ ካላየን አሉ። ምርመራው በካናዳ የምርምር ድጋፍ በውጭ ቤተ ሙከራዎች እስኪሠራ ዓመታት ሄዱ። አክሊሉ ለማና ለገሠ ወልደ ዮሐንስ በ1989 አማራጭ ኖቤል የሚባለውን ሽልማት ወሰዱ። በድርጅቶቹ አካሄድ ውስጥ ንቀትም ነበረበት፤ አልክድም። ግን ንቀትን ከሚያስታግሡ ነገሮች አንዱ ማንም ከፍቶ ሊያየው የሚችል ሰነድ ነው። ዛሬም ከአዲስ አበባ የሚወጣ የዕፅዋት ጥናት «በልምድ የበለጸገ ፓቶሎጂስት አይቶታል» በምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር ያልፋል። የትኞቹን ስላይዶች? ስንቱን? መቼ? መልስ የለም።

አንዴ ለግምገማ የተላከልኝ ጽሑፍ የትልልቆቹን ነጭ አይጦች አካል ሲዘረዝር «የሐሞት ከረጢት፦ ጤናማ» ይላል። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ይህ አይጥ የሐሞት ከረጢት የለውም! ትንንሾቹ አይጦች አላቸው፤ ትልልቆቹ የላቸውም። ሰውየው ዋሽቶ አይመስለኝም። ለሰው ከተዘጋጀ ቅጽ ላይ እየሞላ ነው የሄደው። የእኛ የአይጥ ስላይድ ብዙ ጊዜ የሚነበበው ቀኑን ሙሉ የሰው ባዮፕሲ ሲያይ በዋለ ሐኪም ነው፤ ማታ፣ ለወዳጅነት ሲል። አክብሬ ነው የምናገረው፣ እነሱ ባይኖሩ ምንም አይነበብም። ግን የአይጥ የራሱ በሽታዎች አሉት። ቢሾፍቱ ያሉት የእንስሳት ሐኪሞች ያውቋቸዋል። የጥቁር አንበሳው ስላይድ ሳጥን ወደ ቢሾፍቱ፣ የቢሾፍቱው ወደ ጥቁር አንበሳ ቢሄድ ምን ያህል ይፈጃል? የአንድ ሰዓት መንገድ ነው፤ መንገዱ ከተዘጋጋ ሁለት። በ28 ቀን ሙከራ መመሪያው የሚጠይቀው በየቡድኑ ቢያንስ 5 ወንድና 5 ሴት ነው። ጉበትና ኩላሊት ከኮንትሮልና ከከፍተኛው መጠን ብቻ ቢወሰድ 40 ስላይድ። አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃል። ቅንጦት የተባለው ይህ ነው።

«በቴሌግራም ፎቶ እንልካለን እኮ» የሚሉም አሉ። እኔም እልካለሁ። ስልኩን ማይክሮስኮፑ ላይ ደግኖ ማንሳት ለምክር ጥሩ ነው። ለግምገማ ግን አይሆንም። ፎቶው የሚያሳይህ ፎቶ አንሺው የመረጠውን ነው። ሁለተኛው አንባቢ የሚፈልገው ፎቶ ያልተነሳውን ጥግ ነው።

አበው «አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም» ይላሉ። ጸሐፊው የፓቶሎጂስት ቁጥራችን ጥቂት መሆኑን ሁለተኛውን ለመተው ምክንያት አደረጉት። ጥቂት ከሆንን አንዱ ሲሳሳት የሚያቃናው የለም ማለት አይደለም እንዴ?

ከመጽሔቶቻችን የምጠይቀው አንድ ሠንጠረዥ ነው። የስላይድ ቁጥር፣ የመጀመሪያው አንባቢ ያለው፣ ሁለተኛው ያለው፣ የተስማሙበት፣ ቀኑ። ስም ባይኖርበትም ግድ የለኝም። ሁለተኛውን ሰው ኩባንያ ገዝቶት ከሆነ እዚያች ሠንጠረዥ ላይ ይታያል፤ የሁለተኛው አንባቢ ዓምድ ሁሌ ወደ ታች ይወርዳልና።

«አንድ ታማኝ ሰው ይበቃል» ያሉትን ግን ደጋግሜ አሰብኩበት። ታማኝነቴን እስካሁን የጠረጠረኝ የለም። ያን ቀን ግን ኩላሊቱን በሁለት ስላይድ አይቼ «ይውጣ» ብዬ ጽፌ ነበር።